ቤተ መቅደስ የሌለው አምልኮ፦ የቬዳ ዘመን ሰዎች ማንን፣ እንዴት ያመልኩ ነበር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዱባይ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ ጓደኛ አለኝ፤ ሂንዱ ነው። ክፍሉ ውስጥ የዝሆን ራስ ያለውን የጋኔሻን ምስል አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት ዕጣን ያጨስለታል። የበሬ ሥጋ በአፉ አይዞርም። ስንጨዋወት ‹የእኛ እምነት በቬዳ ዘመን እንደነበረው ነው፤ 4 ሺህ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም› ይለኛል። እውነት ነው? የዚያ ዘመን ሰዎች ምን ነበር የሚያመልኩት? ላም ያመልኩ ነበር? ሰው ሞቶ ሌላ ሆኖ ይወለዳል ብለውስ ያምኑ ነበር? ያንን የጥንቱን ሥርዓት ዛሬ የሚያደርገው ሰው አለ?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። ጓደኛዎ ስለ ቃሉ ከሆነ የሚያወራው ልክ ነው። ስለ አምልኮው ከሆነ ግን አይደለም። ያኔ የተደረሱት መዝሙሮች ዛሬም ሳይዛነፉ ይዜማሉ። በእነዚያ መዝሙሮች ውስጥ ግን የዝሆን ራስ ያለው አምላክ የለም። ቤተ መቅደስ የለም። ሞቶ ተመልሶ መወለድ የለም። የበሬ ሥጋም ይበላ ነበር። አሁን ረጅሙን ላምጣው።

ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የሚገኘው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከሪግቬዳ። ቬዳዎች የሂንዱ እምነት ጥንታዊ ቅዱሳት ድርሰቶች ናቸው፤ ሪግቬዳ የሁሉም ቀዳሚ ነው። በ10 ክፍሎች የተሰደሩ 1,028 መዝሙሮች ናቸው። ቋንቋው ጥንታዊ ሳንስክሪት ነው። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ድርሰቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ያስቀምጡታል። ስለዚህ 4 ሺህ ትንሽ ተጋኗል፤ 3 ሺህ ወይም 3,500 ቢባል ያስማማል። ቦታው ዛሬ ፓኪስታንና ህንድ የተካፈሉት ፑንጃብና አካባቢው ነው። እነሱ አገራቸውን «ሰባቱ ወንዞች» ይሉታል። ኢንዱስ ደጋግሞ ይወደሳል፤ የካቡል ወንዝ እንኳ በስሙ ይነሣል።

ሰዎቹ ከብት አርቢዎች ናቸው። ገብስ ይዘራሉ። በፈረስ ሠረገላ ይዋጋሉ፣ የጎረቤት ከብትም ይዘርፋሉ። ሀብት ማለት ላም ነው። የጸሎታቸውን ዝርዝር ብታዩት ግራ የሚያጋባ አይደለም፦ ዝናብ፣ ከብት፣ ወንድ ልጅ፣ ድል፣ እና መቶ ዓመት ዕድሜ። ስለ ነፍስ መዳን ወይም ከዓለም ስለ መለየት አይጨነቁም። ይህችን ዓለም ይወዷታል።

ከየት መጡ የሚለው ዛሬ ህንድ ውስጥ ፖለቲካ ሆኗል፤ እዚያ ውስጥ ገብቼ አልዳክርም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቱርክ ውስጥ ቦጋዝኮይ በተባለ ቦታ ከተገኙት የሸክላ ጽሑፎች መካከል የኬጢያውያንና በሰሜን ሶርያ አካባቢ የነበረው የሚታኒ መንግሥት ነገሥታት የተዋዋሉት ውል አለ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 14ኛው መቶ ዓመት ነው። ለውሉ ምስክር ከተጠሩት አማልክት መካከል ሚትራ፣ ቫሩና፣ ኢንድራና ናሳትያዎች የተባሉት መንትዮች ይገኛሉ። አራቱም የሪግቬዳ አማልክት ናቸው። ጥንታዊው የኢራን እምነትም ሚትራን ያውቃል፤ ከቬዳው ጋር የሚመሳሰል የተቀደሰ መጠጥም አለው። እነዚህ አማልክት ከፑንጃብ ውጭም ዘመድ ነበራቸው ማለት ነው።

ወደ ዋናው ልግባ። አምልኳቸውን ለመረዳት በመጀመሪያ ቤተ መቅደስ የሚባለውን ነገር ከሐሳብዎ ያውጡት። ሰው ወደ አምላክ ቤት አይሄድም። አምላክ ነው ወደ ሰው የሚመጣው፣ ያውም በእንግድነት። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ሃይማኖት ቁልፉ ይኸው ነው፤ መስተንግዶ።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ድግሱን የሚያወጣው አባወራ ነው። ሚስቱ አብራው መኖር አለባት። ሜዳ ላይ ቦታ ይመረጥና ይጸዳል። ሁለት እንጨት ተፋትጎ እሳት ይወጣል። ከእሳቱ አጠገብ ሣር ይጎዘጎዛል፤ እኛ በዓል ሲሆን ቄጠማ እንደምንጎዘጉዘው ማለት ነው። ሣሩ ግን ለጌጥ አይደለም፤ የአማልክቱ መቀመጫ ነው። ከዚያ ካህናቱ በዜማ ይጠሯቸዋል። «ኢንድራ ሆይ፣ ፈረሶችህን ጭነህ ና፤ ሣሩ ተነጥፏል፤ መጠጡ ተጨምቋል» ዓይነት ነው ጥሪው። አማልክቱ በሠረገላ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ውዳሴያቸውን ይሰማሉ። በደንብ የተስተናገደ እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። አስተናጋጁ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ሥርዓቱ ሲያልቅ ቦታው ተራ ሜዳ ይሆናል። ከብት እየነዳ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ለሚሄድ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ምን ሊስማማው ይችላል?

ይህ ግንኙነት አይን አፋርነት አያውቅም። አንዱ ባለቅኔ ለኢንድራ እንዲህ ይለዋል፦ «እኔ እንዳንተ የሀብት ሁሉ ጌታ ብሆን ኖሮ፣ የሚያወድሰኝ ሰው ላም በላም ይሆን ነበር።» ነገሩን አዙሮ ነው የነገረው። ስስታም ነህ ማለቱ እኮ ነው! ከአምላኩ ጋር እንዲህ የሚነጋገር ሰው የሚፈራ ብቻ ሳይሆን የሚቀራረብም ሰው ነው።

እሳቱ ራሱ አምላክ ነው። ስሙ አግኒ ነው። የሪግቬዳ የመጀመሪያው መዝሙር ለእሱ ነው፤ ወደ 200 የሚጠጉ መዝሙሮችም አሉት። የነጠረ ቅቤ እሳቱ ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ይነሣል፤ አግኒ ጎረሰ ማለት ነው። እሱ የጎረሰውን ለሌሎቹ በጢስ ያደርሳል። ስለዚህ የአማልክት አፍም፣ መልእክተኛም፣ ካህንም ይባላል። ከዚህ በላይ ግን የየቤቱ ሰው ነው። ኢንድራ ሩቅ ነው፤ አግኒ ምድጃ ውስጥ አለ።

ከሁሉ በላይ የተዘመረለት ግን ኢንድራ ነው። ወደ 250 መዝሙር አለው፤ ከጠቅላላው ሩብ ገደማ ማለት ነው። ተዋጊ ነው፣ ጠጪ ነው፣ በላተኛ ነው። ትልቁ ጀብዱው ቭሪትራ የተባለውን ዘንዶ መግደሉ ነው። ቭሪትራ ተራራ ላይ ተጠቅልሎ ውኆቹን አግቷቸው ነበር። ኢንድራ ሶማ ይጠጣል፣ መብረቁን ይጨብጣል፣ ይመታዋል። ዘንዶው ተበጣጥሶ ይወድቃል፤ ውኆቹም እንደሚጮኹ ላሞች እየተጋፉ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ዝናብ ሲዘገይ ከብት የሚያልቅበት ሕዝብ ይህንን ታሪክ ለምን እንደሚደጋግመው ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ሁሉም በኢንድራ ያምን ነበር ማለት አይደለም። መዝሙሮቹ ራሳቸው «የት አለ? እያሉ ይጠይቃሉ፤ የለም የሚሉም አሉ» ይላሉ። ሌላ ቦታ ላይ አንዱ «ኢንድራ የሚባል የለም፤ ማን አይቶታል?» ሲል ይሰማል። የዓለምን አፈጣጠር የሚተርከው የ10ኛው ክፍል ዝነኛ መዝሙር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅና፣ መልሱን ከላይ ሆኖ የሚመለከተው ያውቀዋል ይላል፤ «ወይም እሱም አያውቅም» ብሎ ያበቃል። ቅዱስ በሚባል ድርሰት ውስጥ እንዲህ ዓይነት መስመር ሳይፋቅ መቆየቱ ሁሌም ይደንቀኛል።

ሶማ ያልኩት ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። ሶማ ተክል ነው፣ ከተክሉ የሚጨመቅ መጠጥም ነው፣ አምላክም ነው። የሪግቬዳ 9ኛ ክፍል 114 መዝሙሮች አሉት፤ ሁሉም ለእሱ ብቻ የተሰጡ ናቸው። ያውም የሚያወሩት በአብዛኛው ስለ አንዲት ቅጽበት ነው፤ መጠጡ በማጥለያው ሲያልፍ። ግንዱ ውኃ ይነካዋል። በድንጋይ ይወቀጣል። ጭማቂው በበግ ፀጉር ማጥለያ ይጠለላል። ቡናማ ቀለም አለው። ከዚያ ወተት ወይም እርጎ ይቀላቀልበታል። ለባለቅኔዎቹ ይህች ተራ ሥራ ዓለም ታክላለች። የድንጋዩ ድምፅ ነጎድጓድ ይሆናል፤ ጠብታው ዝናብ ይሆናል፤ ወተቱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ ላሞቹ የሚሮጥ ኮርማ ይሆናል። የጠጣው ሰው ምን እንደሚለው ተጽፏል፦ «ሶማ ጠጥተናል፤ የማንሞት ሆነናል፤ ወደ ብርሃን ደርሰናል።»

ተክሉ ምን ነበር? ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ጎርደን ዋሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ቀይ ባለ ነጭ ነጠብጣብ እንጉዳይ ነው ብሎ ብዙ አነጋገረ። አብዛኞቹ ግን ዛሬ ወደ ኤፌድራ ያደላሉ፤ ቅጠል አልባ፣ ቀጫጭን ግንድ ያለው የተራራ ቁጥቋጦ ነው፤ የሚያነቃ ንጥረ ነገር አለው። እኔም ወደዚያ አደላለሁ። መዝሙሮቹ ስለ ንቃትና ስለ ጉልበት ነው የሚያወሩት፤ ስካርን ደግሞ ለብቻው ያውቁታል፣ ይነቅፉታልም።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ልውውጥ ይመስላል። ቫሩና ጋ ስንደርስ ግን ቃናው ይለወጣል። ቫሩና የሥርዓት ጠባቂ ነው። ፀሐይ በጊዜዋ እንድትወጣ፣ ወንዝ እንዲፈስ፣ ሰው ቃሉን እንዲጠብቅ የሚያደርገው አንድ ሥርዓት አለ፤ ሪታ ይሉታል። ቫሩና ሰላዮች አሉት። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ቢንሾካሾኩ ሦስተኛው እሱ ነው የሚል ስንኝ ከሪግቬዳ በኋላ በመጣው ሌላ ቬዳ፣ በአታርቫቬዳ ውስጥ አለ። የዋሸውን በገመዱ ያስረዋል። ሕመምም አንዱ ገመዱ ነው።

ቫሲሽታ የተባለ ባለቅኔ ለቫሩና ያቀረበው አቤቱታ በ7ኛው ክፍል ይገኛል። ሰውየው ታሟል ወይም መከራ ደርሶበታል። «የሚያወድስህን ወዳጅህን ልትገድለው የፈለግህ፣ ምን ትልቅ ኃጢአት ቢሠራ ነው?» ይላል። ከዚያ ሰበብ ይደረድራል። ፈልጌ አላደረግሁትም፤ መጠጥ ነው፣ ንዴት ነው፣ ቁማር ነው፣ አለማስተዋል ነው። ታናሽ ሲያጠፋ ታላቅም አለበት። እንቅልፍ እንኳ ከክፉ አያድንም። ሰበቡ ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ሊደልል እንዳልመጣ ግን ያስታውቃል፤ እርቅ ነው የሚፈልገው። ሪግቬዳን የላምና የድል ልመና ብቻ አድርገው የሚያቃልሉ ሰዎች ይህንን ገጽ ዘለውታል።

ሌሎቹን አማልክት በሩጫ ልጥቀሳቸው። ንጋትን የምታመጣው ኡሻስ አለች፤ ወደ 20 የሚሆኑ በጣም ያማሩ መዝሙሮች አሏት። በሚታኒው ውል ላይ ያየናቸው መንትዮች፣ በሌላ ስማቸው አሽቪኖች፣ ሐኪሞች ናቸው፤ ቪሽፓላ ለተባለችው እግሯ ለተቆረጠ ሴት የብረት እግር ሠሩላት ይባላል። ቪሽኑ በሦስት እርምጃ ዓለምን የሚያካልል የኢንድራ ረዳት ነው፤ የራሱ መዝሙሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሩድራ የሚያስፈራ ቀስተኛ ነው፤ ለብቻው የተሰጡት መዝሙሮች ሦስት ብቻ ናቸው። ዛሬ ቪሽኑ እና ከሩድራ ጋር አንድ የሆነው ሺቫ በመቶ ሚሊዮኖች ይመለካሉ። ኢንድራ ደግሞ ተረት ውስጥ ቀርቷል። ጓደኛዎ «አልተለወጠም» ሲልዎት ይህንን ይጠይቁት፤ ክፍሉ ውስጥ የኢንድራ ምስል አለ ወይ?

ምስልን በተመለከተ አንዲት ስንኝ አለች፤ ታከራክራለች። በ4ኛው ክፍል አንዱ «ይህን ኢንድራዬን በ10 ላም የሚገዛኝ ማነው? ጠላቶቹን ሲገድልለት ይመልስልኝ» ይላል። አንዳንዶች ይህ የተቀረጸ ምስል ነበር ማለት ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ባለቅኔው እየቀለደ የሚያከራየው የራሱን መዝሙርና የኢንድራን ወዳጅነት ይመስለኛል። ከ1,028 መዝሙሮች ውስጥ ስለ ጣዖት አገልግሎት አንድም ግልጽ ትእዛዝ የለም። አምላኩን የሚያቆመው ቃል ነው።

ቃል ዋጋም አለው። ባለቅኔዎቹና ካህናቱ የሚኖሩት በስጦታ ነው፤ ላም፣ ፈረስ፣ ወርቅ፣ ሠረገላ። አንዳንድ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ እገሌ ይህን ያህል ላም ሰጠኝ ብለው ያመሰግናሉ፤ ደረሰኝ በሉት። በራሳቸው መሳቅም ያውቃሉ። በ9ኛው ክፍል አንዱ እንዲህ ይላል፦ አናጢ የተሰበረ ይፈልጋል፣ ሐኪም የቆሰለ ይፈልጋል፣ ካህን ሶማ የሚያስጨምቅ ይፈልጋል፤ «እኔ ባለቅኔ ነኝ፣ አባቴ ሐኪም ነው፣ እናቴ እህል ፈጪ ናት፤ ሁላችንም ሀብት ፍለጋ ላሞች እንደምንከተል ሆነናል።» ከአንድ ቤት ሦስት ሙያ መውጣቱን ልብ ይበሉ። ሰውን በአራት መደብ የሚከፍለው ሐሳብ የሚገኘው ዘግይቶ እንደተጨመረ በሚታመን በአንድ የ10ኛው ክፍል መዝሙር ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ላሟ። ላም ትከበራለች፤ «የማትታረድ» የሚል ቅጽልም አላት። አንድ መዝሙር «በደል የሌለባትን ላም አትግደሉ» ይላል። ግን በዚያው ሪግቬዳ ኢንድራ «15 እና 20 በሬ ይቀቅሉልኛል» ብሎ ይፎክራል፤ በሠርግ ጊዜም ከብት እንደሚታረድ ተጽፏል። ታላቁ መሥዋዕት የፈረስ ነው። የፈረሱ መዝሙር ሥጋ ቤት የገባ ሰው የጻፈው ይመስላል፦ ዝንብ የቀመሰው፣ በቢላዋው ላይ የቀረው፣ ከአራጁ ጥፍር ሥር የገባው ሳይቀር ወደ አማልክት ይድረስ ይላል። ዙሪያውን የቆሙት ደግሞ «ሽታው ይጣፍጣል፤ አውጡት» ይላሉ። ፈረሱንም ያጽናኑታል፦ አልሞትህም፣ አልተጎዳህም፣ በቀና መንገድ ወደ አማልክት ትሄዳለህ። ከብት ጨርሶ አይታረድም የሚለው ልማድ ከዚህ በኋላ በብዙ መቶ ዓመታት ቀስ እያለ የመጣ ነው። ስለዚህ ላም አያመልኩም ነበር፤ ላም ሀብታቸው፣ መለኪያቸው፣ የቅኔያቸው ምሳሌ ሁሉ ነበረች።

ሞትን በተመለከተ፣ ሰው ተመልሶ ይወለዳል የሚለው ትምህርት በሪግቬዳ የለም። በግልጽ የሚመጣው ኡፓኒሻዶች በሚባሉት፣ በኋላ በመጡ የፍልስፍና ድርሰቶች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደተደረሱ ይገመታል። በሪግቬዳ የሞተ ሰው የሚሄደው ወደ ያማ ነው። ያማ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሞተውና መንገዱን ያገኘው ነው። መንገዱን ባለ አራት ዓይን የሆኑ ሁለት ውሾች ይጠብቁታል። እዚያ ቅጠሏ ከለመለመ ዛፍ ሥር አባቶች ከያማ ጋር ይጠጣሉ።

የቀብሩ መዝሙር ከሁሉ ይበልጥ ልብ ይነካል። አብዛኛው ሬሳ ይቃጠላል፤ የሚቀበርም አለ። ሚስቲቱ ከሬሳው ጎን ትጋደማለች። ከዚያ «ተነሺ፤ ወደ ሕያዋን ዓለም ነይ፤ ከጎኑ የተኛሽው ሰው ነፍሱ ወጥታለች» ተብላ ትጠራለች። ከሟቹ እጅ ቀስቱ ይወሰዳል፤ ጉልበቱ ለሕያዋኑ እንዲቀር ነው። ሞት እንዳይሻገር በሕያዋኑና በሟቹ መካከል ድንጋይ ይቀመጣል። ለምድሪቱ ደግሞ «እናት ልጇን በቀሚሷ ጫፍ እንደምትሸፍን ሸፍኚው» ይባላል። በኋለኛው ዘመን ሚስትን ከባሏ ጋር የማቃጠሉን ልማድ የደገፉ ሰዎች ይህንኑ መዝሙር ይጠቅሱ ነበር። መዝሙሩ የሚለው ግን የዚያን ተቃራኒ ነው፤ ሴትዮዋን ያስነሣታል።

ቃሉ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ? በጽሑፍ አይደለም። በእጃችን ካሉት ቀን ያላቸው የሪግቬዳ ጽሑፎች ጥንታዊው እ.ኤ.አ. የ1464 ነው፤ ከድርሰቱ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። የጠበቀው ጆሮና ምላስ ነው። ተማሪው ጽሑፉን ቀጥ አድርጎ ብቻ አይደለም የሚያጠናው። በአንዱ ስልት የመጀመሪያውን ቃል ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ደግሞ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው እያለ ይሄዳል። በሌላው ስልት ሦስት ሦስት ቃል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። አንድ ቃል ቢዘል ወይም ቢሳሳት ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ወዲያው ይታወቃል። የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ሳይቀር በዚህ መንገድ ተላልፏል። በ7ኛው ክፍል ያለው የእንቁራሪቶች መዝሙር የዚያን ዘመን ትምህርት ቤት ያሳየናል፦ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው የቆዩ እንቁራሪቶች ዝናብ ሲመጣ ይንጫጫሉ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይደግማል፣ ተማሪ መምህሩን እንደሚከተል።

ጓደኛዎ ምናልባት ጋያትሪ የሚባለውን ጸሎት ያውቅ ይሆናል። ለፀሐይ አምላክ ለሳቪትር የቀረበ አጭር ስንኝ ነው፤ ከሪግቬዳ 3ኛ ክፍል የተወሰደ። ብዙ ሂንዱዎች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይሉታል። በሂንዱ ሠርግም ሙሽሮቹ እሳቱን ይዞራሉ፤ ምስክሩ አግኒ ነው። ከቬዳ ዘመን በቀጥታ የቀረው ይህን የመሰለው ነው።

ትልልቆቹ መሥዋዕቶችስ? ብርቅ ናቸው እንጂ አልጠፉም። በደቡብ ህንድ ኬራላ የናምቡዲሪ ብራህሚኖች (የካህናት መደብ ናቸው) ይታወቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፓንጃል በተባለ መንደር ለ12 ቀናት የቆየ ታላቅ የእሳት ሥርዓት አድርገው ነበር፤ ፍሪትስ ስታል የተባለው ኔዘርላንዳዊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አስቀርጾታል። ከ1,000 በላይ ጡብ ተደርድሮ የወፍ ቅርጽ ያለው መሠዊያ ተሠራ፤ እሳቱም በጥንቱ መንገድ እንጨት ተፋትጎ ወጣ። የጥንቱ የሶማ ተክል ስለሌለ በሌላ ሐረግ ተተካ። ሥርዓቱ የሚጠይቃቸው 14 ፍየሎች ግን አልታረዱም። ተቃውሞ ስለተነሣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ዱቄት ቀረበ፤ መዝሙሩ ግን ለፍየሎቹ የሚባለው ያው የጥንቱ ነበር።